ለካሴቶቹ ቦታ፣ ለላፕቶፑ ፍጥነት፦ ሃይብሪድ ሃርድ ዲስክ ስገዛ የያዝኩት ማስታወሻ

ሰኞ

ላፕቶፑ ሞልቷል። ሲ የሚባለው ክፍል ቀይ አብርቷል። ዲ ላይ የቀረችው ቦታም ለጥቂት ካሴቶች ብትበቃ ነው። ስለዚህ የሰሞኑ ሥራ ሌላ ሃርድ ዲስክ መፈለግ ሆነ። እግረ መንገዴን ማስታወሻ እይዛለሁ፤ እንደኔ ዓይነት አሮጌ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል።

እንጀራዬ ማስተማር ነው። ማታና ቅዳሜ ግን ካሴት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ደሴ ውስጥ ካሴት የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። የሠርግ ጭፈራ፣ መንዙማ፣ ድሮ ከአረብ አገር በድምፅ ተቀድቶ የመጣ ደብዳቤ። ማጫወቻው ተበላሽቷል፣ ካሴቱ ግን ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። «ወደ ፍላሽ ቀይርልን» ይሉኛል።

ቦታ የሚበላው ይሄ ነው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 600 ሜጋባይት፣ የ90 ደቂቃው ወደ 900 ማለት ነው። ለባለቤቱ በኤምፒ3 ቀንሼ ብሰጠውም ዋናውን ቅጂ አልጥለውም። አንዳንዱ ቴፕ አንዴ ከተጫወተ ሁለተኛ አይጫወትም፤ ይበጠሳል።

ላፕቶፑ ኮር አይ 5 ነው፣ 3ኛ ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው። ራሙ 8 ጊጋ። ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር። ማብሪያውን ተጭኜ ብሮውዘር እስኪከፈት ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ። የሚያናድደኝ የድምፅ ማስተካከያው ፕሮግራም ሲከፈት ስታክ ማድረጉ ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እየጠበቀ።

ማክሰኞ

ምርጫዎቹን ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

አንደኛው ኤስኤስዲ ነው። ፍጥነት ብቻ ቢሆን ጥያቄዬ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። የሚዞር ነገር የለውም፣ ሳህን የሚያነብ መርፌ የለውም፣ ከላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ጋር ለውድድር አይቀርብም። ግን ባለ 240 ጊጋው አሁን ካለኝ ያንሳል። ባለ 1 ቴራው ዋጋ ደግሞ ላፕቶፑ ራሱ ቢሸጥ ከሚያወጣው ብዙም አይርቅም። ማሽኑ ዊንዶው 11ን በደንቡ አይቀበልም፤ ማይክሮሶፍት ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከዝርዝሩ አውጥቷቸዋል። የዊንዶው 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። እንዲህ ላለ ማሽን ወፍራም ገንዘብ ማውጣት አልፈልግም።

ሁለተኛው ብልሃት የዲቪዲ ማጫወቻውን አውጥቶ በቦታው ሁለተኛ ዲስክ መክተት ነው። ለዚሁ የሚሆን ማቀፊያ ይሸጣል፤ 9.5 ሚሊሜትርና 12.7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው። ትንሽ ኤስኤስዲ በዋናው ቦታ፣ አሮጌውን ሃርድ በዲቪዲው ቦታ። ለብዙ ሰው ከዚህ የተሻለ መላ የለም። እኔ ግን ዲቪዲው ያስፈልገኛል። ካሴት የሚያመጣው ሰው የሠርጉን ሲዲም ይዞ ይመጣል፤ «እሱንም ጨምርልኝ» ይላል።

ሦስተኛው በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ሃርድ ነው። ቦታ ይሰጣል፣ ፍጥነት አይጨምርም። ጠረጴዛዬ ላይ የካሴት ማጫወቻ፣ ገመድና የቡና ስኒ ስላለ አንድ ቀን እጄ መትቶ ይጥለዋል።

አራተኛው ሃይብሪድ ሃርድ ዲስክ ነው። አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ፒያሳ ኮምፒውተር ይጠግናል። ባለፈው ሳምንት «ቲቸር፣ ከጌም ላፕቶፕ የወጣ 1 ቴራ ሃይብሪድ አለኝ» ብሎኝ ነበር። ዋጋው ከአዲስ ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ግማሽ በታች ነው። ይሄኛው ይመርመር።

ረቡዕ

መብራት የለም። ስልኬ ላይ ባነበብኩትና ከዚህ በፊት በማውቀው ላይ ብቻ ልጻፍ።

ሃይብሪድ የሚባለው ውስጡ ሁለት ነገር ነው። እንደማንኛውም ሃርድ የሚዞር ሳህን አለው። ከጎኑ ደግሞ ትንሽ የፍላሽ ሜሞሪ አለ፤ ኤስኤስዲ ከሚሠራበት ዓይነት። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶው ቪስታ ሲወጣ ሳምሰንግና ሲጌት 256 ሜጋባይት ፍላሽ ያላቸውን አወጡ። ያኔ ሥራውን በከፊል ዊንዶው ነበር የሚመራው፤ ብዙም ሳይሰማ ቀረ። በ2010 ሲጌት ሞመንተስ ኤክስቲ የሚባለውን አመጣ፤ 4 ጊጋ ፍላሽ፣ በደቂቃ 7200 ዙር። ትልቁ ለውጥ የፍላሹ መጠን አልነበረም። ምን ፍላሹ ላይ ይቀመጥ የሚለውን ውሳኔ ዲስኩ ራሱ መያዙ ነው። ዊንዶውም ሊኑክስም የሚያዩት አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ነው። ድራይቨር አይጠይቅም። ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚመቸው ለዚህ ነው። በ2011 የወጣው ፍላሹን 8 ጊጋ አደረሰው። በ2013 የመጡት የላፕቶፕ ሃይብሪዶች ግን በ8 ጊጋው ቆመው ዙሩን ወደ 5400 ቀነሱት። ርካሽ መሆን ነበረባቸው። በ2016 ፋየርኩዳ የሚባለው ተከተለ፤ እሱም 8 ጊጋ ነው። ከዚያ ኤስኤስዲ ረከሰና ጨዋታው አለቀ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሃይብሪድ በብዛት ያገለገለ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ 8 ጊጋ ለ1 ቴራ ምን ያደርጋል? ከ100 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

መልሱ የመንዙማ ተቀባዮችን ያስታውሰኛል። መሪው አዲስ ግጥም ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ ግን አዝማቹን ብቻ ነው የያዙት። የሚመላለሰው እሱ ስለሆነ ይበቃቸዋል። ዲስኩም እንዲሁ ነው። የትኛው የሳህኑ ክፍል ደጋግሞ እንደሚጠየቅ ይቆጥራል፤ ብዙ የተጠየቀውን ፍላሹ ላይ ይገለብጠዋል። ዊንዶው ሲነሳ የሚያነባቸው ፋይሎች ከቀን ቀን ያው ናቸው። በየቀኑ የምከፍተው ፕሮግራምም ያው ነው። እነዚህ ተደምረው ጥቂት ጊጋ ናቸው። አዲስ የተቀዳ ካሴት ግን አንዴ ይጻፋል፣ አንዴ ይነበባል፣ ይቀመጣል። እሱ ፍላሹን አያገኘውም።

ስለዚህ ለኔ ሥራ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ ይፈጥናል፣ ካሴቱ ቦታ ያገኛል፣ ካሴቱን መገልበጥ ግን አይፈጥንም። ይህን አውቆ የሚገዛ ሰው አይከፋም። «ግማሽ ኤስኤስዲ ነው» ተብሎ የተሸጠለት ሰው ግን ፊልም ከዩኤስቢ ፍላሽ ሲገለብጥ ያኔ ያለቅሳል።

ፍላሹ ላይ ያለው ነገር የሳህኑ ቅጂ መሆኑም ደስ ይላል። ፍላሹ ቢያረጅ እንኳ የተነበበው ነገር ዋናው ሳህኑ ላይ ነው።

ሐሙስ

ፒያሳ ወረድኩ። ልጁ ዕቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አንድ ሳይሆን ሁለት ሃይብሪድ አለው። አንዱ ባለ 500 ጊጋ የ2010ሩ ዓይነት፣ 7200 ዙር። ሌላው ባለ 1 ቴራ፣ 5400 ዙር፣ 8 ጊጋ ፍላሽ።

መጀመሪያ ውፍረታቸውን ለካሁ። የላፕቶፕ ሃርድ ወርዱ አንድ ዓይነት ነው፣ 2.5 ኢንች የሚባለው። ውፍረቱ ግን ይለያያል፤ 7 ሚሊሜትር አለ፣ 9.5 ሚሊሜትር አለ። ቀጫጭን ላፕቶፖች 9.5ቱን አያስገቡም። የኔ ወፍራም ነው፤ ሁለቱንም ይቀበላል። ሻጩ ይህን ካልጠየቀ ገዢው ይጠይቅ።

ልጁ ባለ 1 ቴራውን በዩኤስቢ ኬዝ አድርጎ ዴስክቶፑ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ሰካው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ጸጥ። ስክሪኑ ላይም አልመጣም።

«ቲቸር፣ ትናንት ይሠራ ነበር። ወላሂ!»

«አብሽር፣ አውቃለሁ» አልኩት። የሚዞር ዲስክ መነሻው ላይ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ወደ 1 አምፔር ይጠጋል። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው። ዩኤስቢ 3 ደግሞ 0.9 ይሰጣል። በዚያ ላይ ገመዱ ረጅምና ቀጭን ነበር። ለመዞር ይሞክራል፣ አቅም ያጣል፣ መርፌው ይመለሳል፤ ቀጭ ማለቱ ያ ነው። በርግጥ ሊሞት የደረሰ ዲስክም ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል። መለየት የሚቻለው በቂ ኤሌክትሪክ ሰጥቶ በማየት ነው። የዴስክቶፑን ክዳን ከፈትንና የውስጥ ዲስክ በሚሰካበት ገመድ፣ ሳታ በሚባለው፣ ላይ በቀጥታ ሰካነው። የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ሃርድ መሰኪያቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ምንም ተጨማሪ ነገር አይፈልግም። ተነሳ። ድምፁም ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፈትን። ሃርድ ዲስክ የራሱን የጤና ደብተር ይይዛል፤ ስማርት ይባላል። ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ይህን ማየት አለበት። እኔ የማያቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው።

የሠራበት ሰዓት፦ ባለ 1 ቴራው 6200 ሰዓት ገደማ። በቀን 8 ሰዓት ቢባል ከ2 ዓመት ብዙም አይበልጥም። ለላፕቶፕ ሃርድ ደህና ዕድሜ ነው።

በምትክ የተቀየሩ ክፍሎች፦ 0። ዲስኩ የተበላሸ ቦታ ሲያገኝ ከመጠባበቂያው ተክቶ እዚህ ላይ ይመዘግባል።

ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁ ክፍሎች፦ 0። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን መስመር ነው።

መብራት በድንገት ሲጠፋ መርፌው ተሯሩጦ የሸሸበት ቁጥር፦ ትንሽ። ይሄ ለኛ አገር ጥሩ ምስክር ነው። ባትሪው ከሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ ከሌለው ዴስክቶፕ የወጣ ዲስክ ቢሆን ቁጥሩ ሰማይ ነበር።

ልጁ የመጀመሪያዋን መስመር ጠቁሞ ደነገጠ። የንባብ ስህተት የምትለዋ ላይ ረጅም ቁጥር አለ። ሲጌት ላይ ይህ ያስደነግጣል እንጂ ችግር አይደለም። ቁጥሩ የተነበበውን ብዛትና ስህተቱን አንድ ላይ አጣምሮ የያዘ ነው፤ አዲስ ዲስክም ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ሰው በዚህ ብቻ ጤነኛ ዲስክ ሲጥል አይቻለሁ።

ከዚያ ባለ 500ውን ሰካን። 7200 ዙር ስለሆነ ልቤ ወደሱ ያደላ ነበር። ውሳኔ የሚጠብቁት ክፍሎች መስመር ላይ ግን ቁጥር አለ። ተወው! ትንሽ ቢሆንም ያው ነው፤ የሰው ካሴት እላዩ ላይ አላስቀምጥም።

ዋጋ ተከራከርን። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቤት ወስጄ ሙሉውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አነበዋለሁ። አንድም የማይነበብ ቦታ ከተገኘ ይመልስልኛል። ልጁ ሳቀና «ፈተናውን ቲቸር ያውጣ» አለ።

ሐሙስ ማታ

ዲስኩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ወዲያው አልሰካሁትም። የደሴ ብርድ ሲገባበት ውሎ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሲመጣ እንፋሎት ሊይዝ ይችላል። ራት በልቼ ሰካሁት።

የንባብ ፈተናው ረጅም ነው። 1 ቴራ በሴኮንድ 90 ሜጋባይት ገደማ ቢነበብ ከ3 ሰዓት በላይ ነው። መጀመሪያው ፈጣን፣ መጨረሻው ዘገምተኛ ይሆናል፤ ሳህኑ ዳር ላይ ያለው ክበብ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ዙር ብዙ ያነባል። ስለዚህ ግራፉ ቀስ እያለ ቢወርድ ጤና ነው። መሐል ላይ ጉድጓድ ካለው ግን ይመለስ።

እየጠበቅሁ መለያ ወረቀቱን አነበብኩ። አንዷን ቀዳዳ አትሸፍኑ ይላል። ተራ ሃርድ ዲስክ አየር አልባ አይደለም። በዚያች ቀዳዳ፣ በማጣሪያ በኩል፣ የውጭውን አየር ግፊት ይጋራል። መርፌው የሚንሳፈፈውም ሳህኑ ሲዞር በሚፈጥረው አየር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ መርፌው ወደ ሳህኑ ይቀርባል። አምራቾቹ ለዚህ ነው የከፍታ ገደብ የሚጽፉት፤ ሲጌት ለላፕቶፕ ዲስኮቹ እየሠሩ እስከ 3048 ሜትር፣ ጠፍተው ሲጓዙ እስከ 12192 ሜትር ይላል።

ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። ሁለቱም ያልፋሉ። ግን ወሎ ሁሉ ደሴ አይደለም። የደቡብ ወሎ አቡዬ ሜዳ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ደጋ ላይ፣ ከ3000 በላይ፣ ኮምፒውተር የሚያስገባ ትምህርት ቤት ካለ ሃይብሪድም ሆነ ተራ ሃርድ ሳይሆን ኤስኤስዲ ይግዛ። እዚያ ላይ ዋጋ ቢጨምርም ክርክር አልገባም።

ፈተናው እኩለ ሌሊት አካባቢ አለቀ። ጉድጓድ የለም። ገንዘቡ የልጁ ሆነ።

ዓርብ

ጎረቤቴ ዊንዶው ላይ የሚታየውን መጠን አይቶ «931 ጊጋ ነው እኮ የሚለው! 69 ጊጋ ተበላህ» አለኝ። አልተበላሁም። ፋብሪካው 1 ቴራ ሲል 1 ትሪሊዮን ባይት ማለቱ ነው። ዊንዶው ደግሞ በ1024 እያካፈለ ይቆጥራል። ትሪሊዮኑን 3 ጊዜ ለ1024 ሲያካፍሉት 931 ይመጣል። ጎረቤቴ ግን አሁንም የተበላሁ ይመስለዋል።

ማታ ክሎንዚላን፣ አንድን ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ የሚገለብጠውን ፕሮግራም፣ ዩኤስቢ ፍላሽ ላይ ጫንኩ። ዊንዶውን እንደ አዲስ መጫን ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰው ፎርማት ይወዳል። እኔ ግን ለድምፅ ሥራ ያስተካከልኳቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። አሮጌውን እንዳለ ወደ አዲሱ እገለብጣለሁ።

ቅዳሜ

መገልበጫ ቀን። ቅዳሜን የመረጥኩት ሰፈራችን ውስጥ መብራት ደህና የሚሆንበት ቀን ስለሆነ ነው። ባትሪዬ ብዙ አይይዝም።

አሮጌው ዲስክ ላፕቶፑ ውስጥ፣ አዲሱ በዩኤስቢ ኬዝ፣ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ፣ በአጭር ገመድ። ላፕቶፑ ከፍላሹ ተነሳ። ክሎንዚላ መልኩ አያምርም፤ ጥቁርና ሰማያዊ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሥራው ግን እንከን የለውም፤ ባዶውን ቦታ ትቶ የተያዘውን ብቻ ይገለብጣል።

አንድ ቦታ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የትኛው ምንጭ፣ የትኛው መድረሻ እንደሆነ ሲጠይቅ። ሁለቱ ከተምታቱ ባዶው ዲስክ ሙሉውን ይደመስሰዋል። የምለየው በመጠን ነው፦ 500ው ምንጭ፣ 1000ው መድረሻ። ድጋሚ ይጠይቃል፣ ድጋሚ አነባለሁ። እዚህ ላይ ስልክ ቢጠራም አላነሳም።

ጀመረ። መሐል ላይ መብራት ሄደ!

ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። ኬዙም ኤሌክትሪኩን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ አልቆመም። የባትሪው መጠን ሲወርድ አየሁት፤ ከዚያ መብራት መጣ። ባይመጣም ምንጩ አይነካም፤ ክሎንዚላ ምንጩን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። እንደገና መጀመር ብቻ ነበር የሚሆነው። ቢሆንም ደስ የሚል ሰዓት አልነበረም።

እስኪያልቅ ቡና ተፈላ። እህቴ በረካው ላይ ስትደርስ ሥራውም አለቀ።

እሁድ

መክፈት ቀላል ነበር። ባትሪውን አወጣሁ። ከታች ያለውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታሁ። ዲስኩ በብረት ማቀፊያ ውስጥ ነው፤ ወደ ጎን ሳብ ሲደረግ ከመሰኪያው ይወጣል። ማቀፊያውን ወደ አዲሱ አዛወርኩ፣ መልሼ ገፋሁት፣ ብሎኖቹን አሰርኩ። ብሎኖቹን በፈታሁበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ በቴፕ መለጠፍ ልማዴ ነው፤ የላፕቶፕ ብሎን አጭርና ረጅም አለው፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርድ ይወጋል።

ተነሳ። ዊንዶው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተከፈተ። ትርፉ ቦታ መጨረሻ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ዲ የሚባለውን ክፍል ማስፋት ቀላል ነው፤ ከባዶው ጎን ስለሆነ በዊንዶው የራሱ መሣሪያ ይሰፋል። ሲ ግን ከዲ ወዲያ ስለሆነ አይደርስበትም። የዲስክ ክፍሎችን የሚያዛውረውን ጂፓርትድ የሚባል ፕሮግራም ከዩኤስቢ ፍላሽ አስነስቼ ዲን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ከዚያ ሲን አሰፋሁ። ይህ የሚገፋው ሁሉ ዳታ ስለሆነ ጊዜ ይፈጃል። አሮጌው ዲስክ ሙሉ ቅጂ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ስላለ ግን አልሰጋሁም።

አሁን መለካት። ዊንዶው 10 ሲዘጋ የራሱን ክፍል ወደ ዲስክ ጽፎ ይተኛል፤ በማግስቱ ፈጥኖ የተነሳ ያስመስላል። ለዚህ ስል የምለካው በሪስታርት ነው። አሮጌው፣ ብሮውዘር እስኪከፈት፣ 2 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ። አዲሱ በመጀመሪያው፣ 1 ደቂቃ ከ35። ይህ ገና ፍላሹ ምንም ሳያውቅ ነው፤ አዲሱ ሳህን መረጃው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በአንድ ዙር ብዙ ያነባል። ከዚያ ደጋግሜ አስነሳሁት። እየወረደ፣ እየወረደ፣ 50 ሴኮንድ አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በታች አልሄደም።

የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ግን ይህን አያሳይም። እሱ የራሱን አዲስ ፋይል ጽፎ ያነባል፤ የሚደጋገም ነገር ስለሌለ ፍላሹ አያውቀውም። ውጤቱ ተራ ባለ 5400 ሃርድ ነው። ሃይብሪድን በእሱ ለክቶ «ውሸት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። መለኪያው አልዋሸም፣ የሚለካው ሌላ ነገር ነው።

ሰንብቶ

አሁን በሥራ ላይ አየሁት።

የድምፅ ፕሮግራሙ ድሮ 20 ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው አሁን 6 ነው። የፈለግሁት ይሄን ነበር። አማርኛ መጻፊያው፣ ብሮውዘሩ፣ ፎልደሮቹ፣ ሁሉም ፈጠን ብለዋል።

ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ በሴኮንድ ወደ 100 ሜጋባይት ነው። ከአሮጌው ይሻላል፣ ግን ይህ የሳህኑ ፍጥነት ነው። ኤስኤስዲ በሳታ 3 ከ500 በላይ ይሄዳል። ከዓመት በፊት ያስቀመጥኩትን ፎልደር ስከፍትም እንደ ድሮው ትንሽ ያስባል።

አንድ ቀን ደግሞ ዊንዶው ትልቅ ማሻሻያ ጫነና ማሽኑ እንደገና ተጎተተ። እህቴ «ይሄው፣ ተበላሸ» አለች። አልተበላሸም፤ ማሻሻያው ብዙ ፋይሎችን ስለቀያየረ ፍላሹ ላይ የነበረው አረጀ። ከጥቂት መነሳት በኋላ ተመለሰ። ፋይል የሚያደራጀው የዊንዶው ዲፍራግም ዕቃ ስለሚያዟዙር ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። በየሳምንቱ እንዳይሠራ አድርጌ በወር አደረግኩት።

አሮጌው 500 ኬዝ ውስጥ ገብቶ መጠባበቂያ ሆኗል። የካሴቶቹ ዋና ቅጂ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው እሱ ላይ። ሰፈራችን ያሉት ሐጂ የመንዙማ ካሴታቸውን አምጥተው ነበር። ኬዙን አሳየኋቸውና «ሁለት ቦታ ተቀምጧል» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሦስተኛውን እኔ ቤት አድርገው» አሉ። ልክ ናቸው፤ ቤቴ ውሃ ቢገባ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የሐጂን ቅጂ ፍላሽ ላይ ከኤምፒ3ው በተጨማሪ ሙሉውን አድርጌ ሰጠኋቸው።

ኮምቦልቻ ያለው የእህቴ ባል ነገሩን ሰምቶ ያችን ባለ 500 ሃይብሪድ በርካሽ ልግዛት ወይ አለኝ። በመጀመሪያ ውሳኔ የሚጠብቁ ክፍሎች አሏት። በሁለተኛ ደረጃ እሱ ላፕቶፑ ላይ የሚሠራው ኢንቮይስ መጻፍና ኢሜል ማየት ነው፤ የያዘው ዳታ 100 ጊጋ አይሞላም። ቦታ የማይፈልግ ሰው ሃይብሪድ ምን ያደርግለታል? ባለ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ አዲስ፣ ዋስትና ያለው፣ 7 ሚሊሜትር ይግዛ አልኩት። ገዝቷል። ሲመጣ የዩኤስቢ ኬዙን ባዶ አድርጌ ክሎንዚላውን እሠራለታለሁ፤ ባትሪውን ሞልቶ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።